የብጫዋ መኪና ዘይት

ብጫዋ ስፖርት መኪና ከገደሉ ሥር ተገልብጣ አራቱንም ጎማዋን ወደ ሰማይ አንስታለች። የባለቤቷን የማሩን ሬሳ ከውስጧ ለማውጣት ስምንት ሰው አስፈልጎ ነበር። ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ የሚወስደው መንገድ ብዙ ሰው በልቷል፤ እንዲህ እንደ ሙሽራ ያማረች መኪና ሲበላ ግን የመጀመሪያው ነው።

«የመካኒኩ ጥፋት ነው» አለ የትራፊክ ፖሊሱ። «ሞተሩ ውስጥ ጠብታ ዘይት የለም። ጠመዝማዛው ላይ ደርቆ ተያዘ፣ የኋላ ጎማዎቹ ቆለፉ፣ አለቀ። ያ አዲስ ቫልቭ የሚሉት ነገር ነው ያፈሰሰው።»

ኢንስፔክተር ምሥራቅ መንጃ ፈቃድ የላትም፤ ባልደረቦቿም በዚህ ይቀልዱባታል። ቀልዱን ለምዳዋለች። ወደ መኪናዋ ተጠጋችና ወደ ላይ የዞረውን ሆዷን በመዳፏ ዳሰሰችው። እጇን የሸፈነው ደረቅ ነጭ አቧራ ነው። ከሞተሩ ሥር አውራ ጣት የምታህል የነሐስ ቧንቧ አለች፤ ትንሿ እጀታዋ ተዘግታለች፣ ማገጃ ሽቦዋም በቦታው ነው።

«ያፈሰሰ ነገር እንዲህ ይደርቃል?» ብላ ጠየቀች። ፖሊሱ ሪፖርቱን መጻፉን ቀጠለ።

መካኒኩ አብዮት የዚያኑ ዕለት አርብ ታሰረ። ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ምሥራቅ ስታነጋግረው ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

«ቫልቩ ምን ይሠራል?»

«ድሮ ዘይት ለመቀየር መኪና ሥር ገብተሽ፣ በቁልፍ ታግለሽ ነው ታፖውን፣ የዘይት መውጫውን መድፈኛ፣ የምትፈቺው። ይህን ግን እጅሽን ብቻ አስገብተሽ፣ ላስቲክ ሰክተሽ፣ እጀታውን በአንድ ጣት ማዞር ነው። አንዲት ጠብታ መሬት አትነካም። ማሩ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያሳየ አሰልችቶን ነበር።»

«በራሱ ሊከፈት ይችላል?»

«ማገጃው እያለ? በጭራሽ። ማክሰኞ ግቢያቸው ሄጄ ነው አዲስ ዘይት የሞላሁለት። መኪናዋ እስከ አርብ ጠዋት ከግቢ አልወጣችም።»

«ዘይቱ ሲያልቅ መብራት አይበራም?»

«እሱማ ዓመት ሙሉ እንደበራ ነው፤ ተበላሽቶ። ማሩ ዞር ብሎም አያየው።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ባለቤቴ ልትወልድ ደርሳለች። ትናንት ስንቅ ይዛልኝ ስትመጣ የነፍሰ ገዳይ ሚስት ብለው ሰደቧት። እኔ ማሩን እንደ ወንድሜ ነበር የማየው!»

ምሥራቅ አመነችው። ማመኗ ግን ለዳኛ የሚቀርብ ነገር አይደለም።

ማራኪ ሰፈር ወዳለው የማሩ ግቢ የደረሰችው በቀብሩ ማግስት ነው። ባለቤቱ ልዕልት ጥቁር ለብሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች።

«አርብ ወዴት ነበር የሚሄደው?»

«ትክል ድንጋይ። ሽማግሌዎቹ በዓል ስለሆነ የትነበርሽ ለምትባል ሴት የመሬት ድንበር ጉዳይ ሊቀመጡ ነበር። እሷ ባሏ የሞተባት የቤተሰቡ ጎረቤት ናት። ድንበሩ የት እንደነበር ማሩ ያውቃል፤ ሊመሰክርላት ነበር።»

«መሬቷን የወሰደው ማነው?»

ልዕልት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቢያዝን የሚባለው የማሩ ታላቅ ወንድም ነው። ድንበሩ የእኔ ነው ብሎ በታቦት ምሏል።»

«መኪናዋ ሐሙስ የት ነበረች?»

«እዚሁ ግቢ። እኔና ማሩ ከምሳ በኋላ ቀሐ ሰፈር ለቅሶ ደርሰን፣ አመሻሽ ላይ አብረን ነው የተመለስነው። ግቢው ውስጥ የቀረው ቢያዝን ብቻ ነበር። ሰርቪስ ቤት ሊሠራልን ከመጣ ሳምንቱ ነው።»

ከጓሮ ስድስት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ተተክለዋል። ቢያዝን አጠገባቸው ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል፤ ሐዘኑ የእውነት ነው፣ ዓይኑ አብጧል።

«ምሰሶዎቹን እርስዎ ነዎት የተከሏቸው፣ አያ ቢያዝን?»

«እኔው ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት።»

«መሬት የሚገባውን ጫፋቸውን ምን ቀቡት?»

«የተቃጠለ ዘይት ነዋ! ምስጥ እንዳይበላቸው። ከአብዮት ጋራዥ ለምኜ ነው ያመጣሁት። ምነው?»

«ሸጋ አድርገው ሠርተዋል» አለችና ተሰናብታው ወጣች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች።

ሰኞ የማሩ ሣልስት ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ምሥራቅ በካቴና የታሰረውን አብዮትን በፖሊስ አስይዛ ገባች። ማጉረምረም ተነሣ። የማሩና የቢያዝን እናት እማማ ታየች ከመሃል ሆነው ቀና አሉ።

«በለቅሶ ላይ ምን ልታደርጊ ነው፣ ልጄ?»

«እውነቱን ልነግርዎ ነው፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከዚያ ቆማ ተናገረች። «ቫልቩ አላፈሰሰም። አፍስሶ ቢሆን የመኪናዋ ሆድና መንገዱ በዘይት ርሰው በተገኙ ነበር። ሁለቱም ደረቅ ናቸው። ስለዚህ ዘይቱ እዚህ ግቢ ውስጥ በላስቲክ ወደ ዕቃ ተቀዳ፤ ቫልቩም ተመልሶ ተዘጋ። የጥገና ዕውቀት አያስፈልገውም፤ ማሩ አከፋፈቱን ለሁሉም አሳይቷል። የቀረው ዘይቱ የት ሄደ የሚለው ነው።»

ሁለት ነጭ ጨርቆች ዘረጋች። አንደኛው ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው።

«ይህ አብዮት ጋራዥ ካለው በርሜል ነው። ከመኪና የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት ሁሉ እንዲህ ይጠቁራል። ሌላውን ግን አሁን ከጓሮ፣ የምሰሶውን ሥር ቆፍሬ ጠርጌ ነው ያመጣሁት።»

ሁለተኛው ጨርቅ ላይ ያለው ዘይት እንደ ማር ብጫ ነው።

«ማክሰኞ የተሞላ አዲስ ዘይት፣ ያልተነዳበት። ምሰሶ ለመቀባት አዲስ ዘይት የሚገዛ ሰው የለም። ሐሙስ ከሰዓት ልዕልት ከባሏ ጋር ቀሐ ነበረች። አብዮት ጋራዡን ሳይለቅ መዋሉን አምስት ደንበኞቹ መስክረዋል። ግቢው ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ነው። ቦይ ውስጥ ቢደፋው ኖሮ እኔም ባላገኘሁት። ግን ደህና ዘይት መድፋት እጁ እምቢ አለው።»

ቢያዝን አልካደም። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ።

«እንዳትነሣ ብዬ ነው» አለ። «ኩራዝ ጋዝ ከሌለው አይበራም። ይችም ዘይት ከሌላት ከበር የምትወጣ አልመሰለኝም። ለአንድ ቀን እንዲቀር ነበር! በሽማግሌ ፊት ወንድሜ ውሸታም እንዳይለኝ።»

«አርብ ጠዋት ስትነሣስ የት ነበሩ?»

ቢያዝን በእጁ ወደ በሩ አመለከተ። «የግቢውን በር የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ስትነሣ ጊዜ ምንም አትሆንም ማለት ነው ብዬ… ብናገር ደግሞ የሠራሁት ሊታወቅ… ዝም አልኩ።»

ልዕልት ጮኸች። ፖሊሱ የአብዮትን ካቴና ፈትቶ በቢያዝን እጅ ላይ አጠለቀው። አብዮት ነፃ መሆኑን ሰምቶ እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እማማ ታየች ተነሥተው ወደ ልጃቸው ተጠጉ። ምሥራቅ ይመቱታል ብላ ነበር። አሮጊቷ ግን የወደቀውን ጋቢ አንስተው ትከሻው ላይ አለበሱት፤ ከዚያም ወደ እሷ ዞሩ።

«አልቃሾቹን ምን ልበላቸው፣ ልጄ? የትኛውን ልጄን ያልቅሱልኝ?»