የኦርካይዶ ድንጋይ

አባያ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈው ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ከልብሱና ከመጽሐፉ ጋር አንድ ድንጋይ ከአገሩ ይዞ ይመጣል። ግቢው እንደ ትልቅ ታንኳ ነውና ጠጠር እንኳ አይገኝበትም፤ ድንጋይ የሌለው ደግሞ የምሳ ሰልፍ ላይ ተራ የሚይዝለት የለም። ስሙን ይጽፍበትና ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እሱ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ድንጋዩ ይሰለፍለታል።

ሰልፉን የሚጠብቀው ተራ አስከባሪው ነው። ስሙን ከድሮ የታክሲ ሰልፍ ወረሰ እንጂ ሰው አይደለም፤ የሚያይ፣ የሚያስታውስና የሚናገር በር ነው። አሥራ አንድ ዓመት በምግብ አዳራሹ ደጃፍ ሲቆም ማንም ሳያስተምረው የተማሪውን ወግ ለመደ። ድንጋይ ማለት ሰው መሆኑን ለመደ። የጓደኛውን ድንጋይ አንሥቶ የገባ የዚያን ጓደኛ ምሳ ሊወስድለት እንደሆነም ለመደ፤ ሲወጣ «ለማን ነው? ምን ይዘህለት ልትሄድ ነው?» ሳይል አያሳልፍም። ሊሾልክ የሞከረውን ደግሞ «ወንድሜ፣ ድንጋይ ቀድሞሃል» ይለዋል፤ ሰልፉ ይስቃል።

በሩን የምትጠግነው ምንታምር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። አልጋዋን ያገኘችውም በዚሁ ሥራ ነው።

ነገሩ የሆነ ቀን ግን በሩ የቆመው በምግብ አዳራሹ ደጃፍ አልነበረም። አገሪቱን ለመምራት የሚወዳደሩት እጩዎች የሚከራከሩበት አዲስ አዳራሽ ተሠርቶ፣ የታዘዘለት በር ሳይደርስ ቀኑ ስለደረሰ፣ ተራ አስከባሪው ተነቅሎ እዚያ ተተከለ።

አዳራሹ ያለ ዋጋ አልተሠራም። እሱን ለማንሳፈፍ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ መኝታ ቤት የተንሳፈፈባቸው በርሜሎች ተወሰዱ፤ ሁለት መቶ ተማሪዎችም ዕጣ ወጥቶባቸው «ተራችሁ እስኪደርስ» ተብለው ወደየቤታቸው ተሸኙ። የመመለሻ ተራቸውን የያዘው ተራ አስከባሪው ብቻ ነው። የምንታምር የቤተ ሙከራ ጓደኛ፣ የኮንሶው ኦርካይዶ፣ ከእነሱ አንዱ ነበር። ጀልባው ላይ ሲወጣ ከአባቱ እርከን ያመጣውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አቀበላትና፣ «ሰልፉ ላይ አድርጊልኝ፣ መጣሁ» አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አደረገችለት። እሱ ግን አልመጣም።

ከክርክሩ ሦስት ቀን አስቀድሞ የቀሩትም ተነሡ። ግቢው ሊሸከም የሚችለው ኪሎ «የክብደት ድርሻ» ይባላል፤ ድርሻው ለእንግዶቹ ተሰጠና በሩን ከምትጠግነው ከምንታምር በቀር ተማሪው በሙሉ ወደ ዳር ተሻገረ። ይህን ያዘዘው ማስታወቂያ ግን ከግርጌው አንድ መስመር ነበረችው፦ «በአዳራሹ የሚተርፍ ወንበር ለተማሪዎች በተራ ይሰጣል።» ተማሪዎቹ ወደ ጀልባው ሲያልፉ፣ ግማሹ እየሳቀ ግማሹ እየተናደደ፣ ድንጋዩን አዳራሹ ደጅ ላይ እያስቀመጠ ሄደ። ምንታምር የኦርካይዶን ከሁሉ ፊት አደረገችው።

በክርክሩ ቀን ረፋዱ ላይ እንግዶቹ ደረሱ። በሩ አልከፈተም።

«ከፊታችሁ ሦስት መቶ አርባ አንድ ሰው አለ፤» አላቸው በትሕትና። «እባካችሁ ተራ ያዙ።»

እንግዶቹ ግራ ቀኝ አዩ፤ ሰው የለም። ጥበቃዎቹ ድንጋዮቹን ጠራርገው ሊያነሡ ሞከሩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወደ ጎን እንደወረወሩ በሩ ግቢውን በሚያናጋ ድምፅ «ሰው እየተገፈተረ ነው» ብሎ ጮኸና ተቆለፈ። ጥበቃዎቹ ደንግጠው ወደ ቦታቸው መለሷቸው፤ አንዱማ አቧራውን እንኳ አራግፎለት ነበር።

የዝግጅቱ ኃላፊ አቶ ሳህሉ ላባቸውን እየጠረጉ ምንታምርን አስጠሯት።

«ልጄ፣ ትውስታውን አጥፊውና ተራ በር ይሁን። አንድ ቁልፍ አይደል?»

«አንድ ቁልፍ ነው ጋሼ። ግን የሁለት መቶዎቹ መመለሻ እዚያው ውስጥ ነው።»

«ጽሕፈት ቤቱ ዝርዝር ይኖረዋል።»

«ጠይቄያለሁ። የለውም።»

አቶ ሳህሉ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዕጣው ቀን ለብቻቸው ሄደው ሲያለቅሱ ያያቸው ሰው ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሩ ካልተከፈተ የእሳቸው ሥራም የእሷም አልጋ እንደማይተርፍ ቀስ ብለው ነገሯት። አላስፈራሯትም፣ እውነቱን ነው የነገሯት።

ምንታምር የበሩን ሆድ ከፍታ ብልሽት ፈለገች። ብታገኝ ደስ ባላት። ዓይኑ ደህና፣ ጆሮው ደህና። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ፣ የሚጠፋውን ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብላ ዝርዝሩን ገለጠችው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይል ነበር፦

«ኦርካይዶ ገለቦ። አንደኛ። ሰባት መቶ ሠላሳ ቀን ቆሟል። ምሳ አልበላም። አንድ ሰሐን ይቀመጥለት።»

የወጥ ቤት ኃላፊዋ እትዬ ዘነቡ በየቀኑ ከቁጥሩ በላይ አንድ ሰሐን እየታዘዘ ይተርፋል እያሉ የሚነጫነጩት ትዝ አላት። ከእሷ በቀር ልጁን የሚያስታውስ ያለ አይመስላትም ነበር።

ጣቷን አነሣች። ቁልፉን ሳትጫን የበሩን ሆድ ዘጋችና የኦርካይዶን ድንጋይ ይዛ ወደ እንግዶቹ ሄደች። ከፊት የቆሙት ከእጩዎቹ አንዷ፣ ፀጉራቸው የሸበተው ዶክተር አስካለ ነበሩ።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ ይህን ይያዙልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ሰው ነው።»

ዶክተር አስካለ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉና ተቀበሏት። በሩ ስለ ማን እንደሚገቡ ጠየቃቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስሙን አነበቡለት፤ ተከፈተላቸው።

ሌሎቹም ተከተሉ። መጀመሪያ ሳቁ፣ «የእኔ ሰውዬ ከበደኝ» የሚል ነበር፣ ስሙን ማንበብ ሲደርስ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። እንግዳው ከድንጋዩ ያንስ ስለነበር አንዳንዱ ሁለት ታቀፈ። ክርክሩ በሰዓቱ ተጀመረ። አቶ ሳህሉ ምንታምርን በሩቅ አይተው ደረታቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስለ ውሃ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ኑሮ ተባለ። ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ ነው ተባለ፣ ብዙ ጊዜ ተባለ። ዶክተር አስካለ ከሁሉም አማረላቸው፤ ድንጋዩ እግራቸው ሥር ነበር።

ፀሐይ ዘንበል ስትል እንግዶቹ ወደ ጀልባዎቻቸው ሊሄዱ ተነሡ። በሩ ዝግ ነው።

«ለማን ነው?» አለ።

ዶክተር አስካለ ቆሙ። «ለኦርካይዶ ገለቦ።»

«ምን ይዘውለት ሊሄዱ ነው?»

አቶ ሳህሉ ወደ ምንታምር ዞሩ፤ እሷ አላዘዘችውም፣ ይህን የወጉን ግማሽ ጭራሽ ረስታው ነበር። ዶክተር አስካለ ድንጋዩን ገልብጠው ከጀርባው አዩት፣ የሚሉትን እዚያ የጻፈላቸው ሰው ያለ ይመስል።

«ባዶ እጄን ነኝ፤» አሉ በመጨረሻ።



«እንግዲያስ አረፍ ይበሉ፤» አላቸው በሩ፣ ተማሪ በሚያናግርበት ድምፅ። «ባዶ እጅ ወደ ጓደኛ አይኬድም። እስኪያገኙ እንጠብቃለን። እሱም እየጠበቀ ነው።»

ዶክተር አስካለ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ድንጋዩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ምንታምርን በእጃቸው ጠሯት።

«ይህ ልጅ ስልክ አለው? ምን ይዤለት እንደምሄድ ራሱን ልጠይቀው።»

አለው። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋዩን ሰልፍ ላይ ስታደርግ አንድ ቀን እንኳ አልደወለችለትም፤ ምን ይዛ ትደውል? ይህን ለበሩ አልነገረችውም። በሩም እሷን ጠይቋት አያውቅም።

ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከኋላ ሰዎቹ በየድንጋዩ ላይ ያለውን ስም እያነበቡ «ይህኛው የት አገር ነው?» መባባል ጀምረዋል። ስልኩ ጠራ፣ ደግሞ ጠራ። ተራ አስከባሪው ገና እንደተዘጋ ነበር፤ ክፈት የሚለው ሰው ግን አልነበረም።