ከዝርዝሩ ውጪ

በሰው ሠራሹ ጥርስ ዙሪያ የተረፈውን ሰም በትንሿ ቢላዋ ጫፍ እየላገች ሳለ ነው በማዳመጫዋ ፒያኖው የጀመረው። ከፒያኖው በፊት ግን ሌላ ነገር ሰማች፤ ወንበር ወደ ፊት ሲሳብ፣ ከዚያ ተጫዋቹ ደክሞት እንደተቀመጠ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ። ቢላዋውን አስቀመጠች። ሙዚቃው እስኪያልቅ፣ የማን እንደሆነ የማታውቀውን የጄሶ መንጋጋ በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች።

ወዲያው ሙዚቃ ለሚልክላት አራሚ ጻፈችለት። «አንዲት ፒያኖ አለች፤ ሰውየው ከመጀመሩ በፊት በረጅሙ ይተነፍሳል። ከእስካሁኑ ሁሉ እሷን ወደድኩ። በቃ፣ ተሸነፍኩ።»

መልሱ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አልመጣም። ሲመጣ ሦስት ቃል ነበር። «ጥሩ። ደስ ይበልሽ።»

ከዚያ በኋላ ሙዚቃ መላኩን አቆመ።

የተዋወቁት ደረጃ ላይ ነበር። ምድር ቤቱ እሱ ጽሑፍ የሚያርምበት ማተሚያ ቤት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እሷ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራበት ላቦራቶሪ አለ። አንድ ቀጭን ሰው በጠባቡ ደረጃ መሃል ቆሞ ወረቀት ያገላብጣል። በቀኙ በኩል ጠጋ ብላ «ይቅርታ፣ አሳልፈኝ» አለች። ዝም። ደገመች። ዝም።

«ደንቆሮ ነህ እንዴ?»

አሁን ዞረ። «በግማሽ» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አትደንግጪ» አለ እየሳቀ፣ «ሁለተኛው ግማሽም በመንገድ ላይ ነው።»

ቀልዱን አልነበረም። የመስማት ነርቮቹ ላይ ዕጢ በቅሎ፣ ቀኝ ጆሮው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የግራው በአራት ወር ውስጥ ካልወጣ ወደ አንጎሉ ይገፋል፤ ሲወጣ ደግሞ መስማቱን ይዞት ይሄዳል። በቀረችው ጆሮና በቀረው ጊዜ ጃዝ ይሰማል። ስልኩ ላይ ባለው የሙዚቃ አፕ ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከሳክስፎኑ ተነስቶ አብሮት ቤዝ የመታውን ሰው ይከተላል፣ ያ ሰው ሌላ ቦታ ከማን ጋር እንደተጫወተ ይፈልጋል። የወደደውን መርጦ በየሳምንቱ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ይልክላት ጀመር።

«ለምን አሥራ አንድ?»

«አሥር ሲሆን ያለቀ ይመስላል።» ቀጥሎም «ከላይ ጀምሪ፤ እንዳትዘዪ» ይላታል፣ የመጽሐፍ ገጽ ይመስል።

የላቦራቶሪው ባለቤት ጋሼ ነገሩን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። «ዛሬ የሠራሽው ጥርስ ብቻውን ፈገግ ብሏል። ማንን አስበሽ ነው?»

እናቷ ግን አልሳቀችም።

«የኔ ልጅ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ማን ሊሰማው ነው?»

«እኔ እሰማለሁ።»

«አንቺ ስትጮሂስ?»

ሳህኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ስለዚህ ሙዚቃው ሲቆም፣ ምክንያቱ በሽታው ነው ብላ ደመደመች። ሲደነቁር እንድታየው አልፈለገም፤ መተው ማክበር ነው አለች። ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንገቱን ሰበር አድርጎ የማይሰማውን ጎኑን ያዞርባታል። እውነቱን ለመናገር፣ የእናቷን ጥያቄ ለጊዜው ስላስቀረላት መራቁ ትንሽ አቅልሏት ነበር። በዚህም ራሷን ጠላች። ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የስልኳ ባትሪ አለቀ። የመጨረሻውን ዝርዝር በሥራ ባልደረባዋ ስልክ አስከፈተች። ሙዚቃው ከላይ ጀምሮ በተራው ወረደ። ከአሥራ አንደኛው በኋላ ጸጥ አለ።

«ቀጥይው እንጂ።»

«አለቀ እኮ።»

«ፒያኖዋስ? ሰውየው የሚተነፍስባት?»

«እዚህ የለችም። አንቺ በነጻ አይደል የምትሰሚው? የነጻው ቅደም ተከተሉን ያምሰዋል፤ ከራሱም ይጨምርበታል።»

«ከራሱ ማለት?»

«ማሽኑ ነዋ! ትወደዋለች ያለውን መሃል ላይ ይሰነቅርልሻል። እኔን አንዴ ሳምንቱን ሙሉ የሕፃናት መዝሙር ግቶኛል።»

ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ለአራሚው ያመሰገነቻቸውን ስድስት ቅጂዎች በላከላት ዝርዝሮች ውስጥ አንድ በአንድ ፈለገች። አራቱ የሱ አልነበሩም። «ተሸነፍኩ» ያለችበትን መልእክት አሁን በሱ ዓይን አነበበችው፤ ሌላ ሰው ሌላ ሙዚቃ ይልክላታል፣ ለዚያ ሰው መሸነፏንም መጥታ ለሱ ትነግረዋለች።

ጋውኗን ሳታወልቅ ወደ ማተሚያ ቤቱ ወረደች።

«ዛሬ ሆስፒታል ገባ እኮ» አለቻት ኃላፊዋ። «ኦፕራሲዮኑ ነገ ጠዋት ነው።»

በጠያቂ ሰዓት ደረሰች። በግራው በኩል ተቀመጠች።

«ሰውየው ደህና ነው?» አለ፣ ሳያያት።

«የቱ ሰውዬ?»

«ሙዚቃ የሚልክልሽ። ያቺን ፒያኖ ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት።»

«የሚልክልኝ ሰው የለም። ስልኬ ነው።» ነገረችው፤ ስለ ነጻው፣ ስለ ማመሱ፣ ስለ ጭማሪው።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ሰባት ሳምንት በማሽን ስቀና ከረምኩ። ጠቅላላ የነበረኝ አሥራ ስድስት ሳምንት ነው።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺስ?»

ማዳመጫዋን ከኪሷ አወጣች። ክርክሩ እንኳ የሱን ጊዜ እየበላ ነበር።

የሱን ስልክ እህቱ ከልብሱ ጋር ወስዳዋለች። በራሷ ስልክ እየዘለለች፣ እየዘለለች ፒያኖዋን አገኘቻት። አንዱን ማዳመጫ በግራ ጆሮው አደረገችለት፣ ሌላውን በራሷ። ወንበሩ ተሳበ። ሰውየው ተነፈሰ። አራሚው ዓይኑን ጨፈነ፤ እስኪያልቅም አልገለጠው።

«ድገሚልኝ።»

የፍራሽ ማስታወቂያ ጮኸ።

«በናትሽ አጥፊው! የመጨረሻ የምሰማው ፍራሽ እንዳይሆን!»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከማስታወቂያው በኋላ አፑ የማያውቁትን ነገር አመጣ። በነጻ ለሰዓቱ የተፈቀደው መዝለል አልቆ ነበር።

«ተይው» አለ። «አንቺ አውሪልኝ።»

«ምን ልበል?»

«ምንም ይሁን። ድምፅሽን ነው።»

አልተዘጋጀችም። ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ የቀኑን ሥራ ነገረችው፤ ሁለት የላይ መንጋጋ፣ ቀለሙ ሦስቴ አልገጥም ያላት የፊት ጥርስ፣ ጋሼ ጣቱን በሰም ማቃጠሉ። ነርሷ መጥታ «ሰዓት አልቋል» ስትል ገና የታችኞቹን ጥርሶች እየቆጠረችለት ነበር።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በዘጠነኛው ቀን አስገቧት። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። የፊቱ ግራ ወገን ወርዶ፣ አፉ በአንድ በኩል ብቻ ይታዘዛል። ሰላም አለችው፤ ከንፈሯን ትክ ብሎ አየ እንጂ አልመለሰም። ደብተር ዘረጋችለት። ጻፈ፤ «ሰሞኑን ምን ሰማሽ?»

ለእናቷ የሚሆን መልስ አሁንም አልነበራትም። ለዚህ ግን ነበራት። በዚያ ሳምንት ራሷ ፈልጋ ያገኘችውን ቅጂ ከፍታ፣ የምትሰማውን ትጽፍለት ጀመር፤ መለከቱ ይግባ አይግባ እንደሚያመነታ እንግዳ ደጅ ቆሞ እንደሚጀምር፣ ቤዙ እጁን ይዞ እንደሚያስገባው፣ መሃል ላይ አንድ ሰው ከኋላ እንደሚስል። ገጹ ሞላ።

ጣቱን ከመስመር ወደ መስመር እየጎተተ አነበበው።

«ከበሮውን ረሳሽው!» አለ። ድምፁን መለካት አልቻለምና ክፍሉ በሙሉ ዞረ።

«ምን ጠፋበት ነው የሚለው?» አለ የጎኑ አልጋ በሽተኛ።

እውነቱን ነው። ማዳመጫውን መልሳ ሰካችና ከመጀመሪያው ሰማች። ከበሮው ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነበር፤ በብሩሽ፣ ቀስ ብሎ፣ ወለል እንደሚጠርግ ሰው። በኅዳጉ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። አነበበው፤ ራሱን ነቀነቀ። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመችና ከውኃው ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠችው።