አመድ ውስጥ የቀዘቀዘው ብረት

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ሾፌሩ በዕውቀቱ ዘመሮ ከተማ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከነመኪናው ገደል ገባ። አስከሬኑ ሲወጣ እናቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ደረታቸውን በግራ እጃቸው ብቻ ይደቁ ነበር፤ ቀኙን በነጠላቸው ጠቅልለውታል። መርማሪው መቶ አለቃ ገሠሠ ይህን አየና ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለ። ከአንድ ባለጸጋ የተወረሰች የውድድር መኪና ናት። የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞረው አክስል ለሁለት ተሰብሯል፤ ስብራቱ እንደ ጨው ያብለጨልጫል።

«ለእኔ የታሰበ አሻጥር ነው!» አለ ካድሬው ፈንታ። «እኔ ነበርኩ የምሳፈረው። አክስሉን ያቃናው አስፋው ነው። የምርመራ ወረቀቱን ፈርምልኝና ይረሸን።»

ገሠሠ መካኒኩን አስፋውን ጋራዡ ውስጥ እጁ ታስሮ አገኘው።

«እንዴት አቃናኸው?»

«ድንጋይ መትቶት ጎብጦ ነበር። በፍም አግዬ አቃናሁትና ቀስ ብሎ እንዲበርድ አመድ ውስጥ ቀበርኩት። በማግስቱ እያሽከረከርኩ ጠመኔ አስጠጋሁበት። ጎባጣ ቢሆን ባንድ ጎኑ ብቻ በነካው፤ ዙሪያውን ነካው፣ ጌታዬ።»

«ስትቀብረው ማን ነበር?»

«ማንም። ወዲያው ለስብሰባ ተጠራን። ጓድ ፈንታ ስም ስለሚጠራ መቅረት የለም፤ ከአዛውንት በቀር።»

ገሠሠ አመዱን ጫረ። ዳር ዳሩ ልም ነው፤ መሀሉ ግን እንደ ደረቀ ጭቃ ተጋግሯል። ከውስጡ የአገሩ ሰው የጠበል ቅል የሚወትፍበት የጥድ ቅጠል ወጣ። አክስሉን በሞረድ ቢሞክረው ሞረዱ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባው፤ ባይገባው በወደደ ነበር። ዝም ቢል አስፋው መሞቱ ነው።

በማግስቱ አስፋውን፣ ፈንታንና ወይዘሮ ደብሪቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበ።

«የጋለ ብረት ውሃ ሲያገኘው ይጠነክራል፤ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። አመዱ መጋገሩ ብረቱ ገና ቀይ ሳለ ውሃ እንደፈሰሰበት ያሳያል። ያን ሰዓት አስፋውም ጓድ ፈንታም ስብሰባ ላይ ነበራችሁ። ያፈሰሰውን ሰው ደግሞ እንፋሎቱ ሳይፈጀው አይቀርም።» ድምፁ ወረደ። «እማማ፣ ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ደብሪቱ ነጠላቸውን ፈቱ። ቆዳው ተገሽልጧል።

«ጠበል እኮ ነው፣ ልጄ፤» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ጓድ ፈንታ መኪናዋን ቄስ እንዳይረጫት ከለከለ። ልጄን እንዲጠብቅልኝ ብዬ አመዱን ገለጥ አድርጌ...» ዓይናቸው የተሰበረው አክስል ላይ አረፈ። «እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ገሠሠ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ።

«ጠበል ገደለው ብዬ ለበላይ አካል ልጻፍ? ፊርማህም ይቅርብኝ፤» አለና ፈንታ በሩ ላይ ወደ ቆሙት ታጣቂዎች ዞረ። «አሻጥር ነው። ውሰዱት!»

ታጣቂዎቹ ሲጎትቱት አስፋው ዞረ። ከእንግዲህ የሚያድነው እንደሌለ አውቋል።

«እማማ ደብሪቱ፣ የእርስዎ ጠበል አይደለም። ከስብሰባ ስመለስ ሆን ብዬ ውሃ የደፋሁበት እኔ ነኝ።»

ደብሪቱ የተላጠ እጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እሱን አዩት።

«አይ፣ ልጄ፤» አሉት። «አንተንም ገደልኩህ።»