ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሕፃን

ኳ! ኳ! ኳ! በሩ ተንኳኳ።

የአራት ዓመቷ መክያ ከእናቷ ቀድማ ሮጠችና ከፈተች። ሲስተር ወይንሸት ሰማያዊ ሣጥን በትከሻዋ አንግታ ቆማለች።

«የፖሊዮ ጠብታ ይዤ መጣሁ። መክዬ፣ እስቲ አፍሽን!»

መክያ አፏን ከፈተች። ጠብ! ጠብ! ፊቷን አጨማደደችና ዋጠችው።

«ፖሊዮ ማለት ልምሻ ነው፤ የልጆችን እግር ያሰልላል» አለች ሲስተር። «በየአገሩ፣ ከቤት ቤት እየዞርን እናባርረዋለን። አንድ ልጅ ካመለጠን ግን እሱ ጋ ይደበቃል።»

ከዚያ እናትን ጠየቀች። «ሌላ ሕፃን አለ?»

«የለም!» አለች እናት ቶሎ ብላ።

መክያ ደነገጠች። አለ እንጂ! ከመጋረጃው ጀርባ የሃያ ቀኑ ወንድሟ ኢድሪስ ተኝቷል።

እናቷ ግን ነግራታለች። «አርባ ቀን ሳይሞላው እንግዳ እንዳያየው። ዓይን ይበላዋል።»

ሲስተር ቤቱ መዳረሱን የሚያሳይ ምልክት በሩ ላይ በጠመኔ አድርጋ ወጣች።

የመክያ ልብ ድው! ድው! አለ። ብትናገር እናቷ ትቆጣለች። ዝም ብትልስ? ፖሊዮ ኢድሪስ ጋ ቢደበቅስ?

ሲስተር የጎረቤቱን አጥር አለፈች። ድው! ድው!

«እማ» አለች መክያ ቀስ ብላ። «የኢድሪስ እግርስ?»

እናት መጋረጃውን አየች። በሩን አየች። እንደገና መጋረጃውን አየች።

ሲስተር መታጠፊያው ጋ ደረሰች። ድው! ድው! ድው!

«ሂጂ ጥሪያት!» አለች እናት።

መክያ በረረች። «ሲስተር! ሲስተር! ሌላ አለን! ትንሽዬ ነው!»

ሲስተር ተመለሰች። አልተቆጣችም። እናት ግን ሕፃኑን በነጠላ ሸፍና ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«ዓይን እፈራለሁ፣ እህቴ።»

«ፊቱ ምን ያደርግልኛል?» አለች ሲስተር ፈገግ ብላ። «ሸፍኚው። አፉን ብቻ አሳዪኝ።»

እናት ነጠላውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ገለጥ አደረገች። ሁለት ቀያይ ከንፈሮች ብቻ ታዩ።

ጠብ! ጠብ!

መክያ ትንፋሿን ያዘች። ቢተፋውስ?

ኢድሪስ ከንፈሩን ላስ ላስ አደረገና ዋጠ።

«ጎበዝ! ግን ይኼ ብቻ አይበቃውም» አለች ሲስተር። «ሌላም ጊዜ እመጣለሁ።»

«ነይ» አለች እናት። «ያኔ አርባው ይሞላል። ፊቱንም ታዪዋለሽ።»

ማታ መክያ ከኢድሪስ ጎን ተኛች። ዓይኗ ክድን ሊል ሲል አንድ ነገር ሆዷን መታት። ዱብ!

«እማ! ኢድሪስ ረገጠኝ!»

እናት ብርድ ልብሱን አስተካከለችና ሁለቱንም ሳመቻቸው።

«እሰይ!» አለች። «ይራገጥልኝ!»