ወደ ቀኝ የምትስበው መኪና

መምህሩ የሞተው ቁልቁለቱ ከሚታጠፍበት ቦታ ነው። አስከሬኑ ትናንት ተነሥቷል፤ መኪናዋ ግን ገደሉ ሥር በቀኝ ጎኗ እንደተኛች ናት። መርማሪዋ ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ትራፊኩ። «ፍሬን ሲይዝ ወደ ቀኝ ስባ ይዛው ገባች። በዋዜማው ፍሬኑን የሠራው የሚስቱ አባት ነው። የቀኙን ጎማ አበላሽቶታል። ሽማግሌው ቀኝና ግራን የሚለየው በጫማው መሆን አለበት!»

«አስፋልቱ ላይ የጎማ ጥቁር መስመር ስንት ነው?»

«አንድ።»

«የመኪና የፊት ጎማስ?»

ትራፊኩ ሳቁን ዋጠ።

ሽማግሌውን ሰፈሩ ጋሽ ብሎን ይላቸዋል። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጆቻቸውን ያገላብጣሉ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ትስብ ነበር፣ እናቴ። የግራው ደርቆ አልይዝ ብሎ ነው፤ አላቀቅኩት። የፍሬኑን ሸራ በሁለቱም በኩል ቀየርኩ። ከዚያ ሜዳ ላይ መሪውን ለቅቄ ፍሬን ብይዝ ቀጥ ብላ ቆመች።»

«አጠገብዎ ማን ነበር?»

«የአማቼ ታናሽ ወንድም። መኪናዋን ያመጣት እሱ ነው። ‹ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ከሳበች የታመመው ቀኙ አይደል?› አለኝ። ‹የለም ልጄ፣ ደካማው ግራው ነው። ጤነኛው ብቻውን ሲይዝ ወደ ራሱ ይጎትታል› አልኩት።» መዳፋቸውን አዩ። «ግን እንጃ። እጄ ከድቶኝ ይሆናል። ልጄም ወሬውን ከሰማች ወዲህ አንዴ እንኳ አባባ አላለችኝም።»

ልጅቱ ጥቁር ለብሳ ከሳሎኑ ጥግ ተቀምጣለች። ከባሏ ወንድም ጋር አንድ ግቢ ይኖራሉ፤ ሌላ ሰው የለም። መኪናዋ የምታድረው እዚያው ነው፤ የግቢውን በር ማታ ማታ የምትቆልፈው እሷ ናት።

«ወንድማማቾቹ ይስማሙ ነበር?»

«ሰሞኑን ተኳርፈዋል። ባሌ ‹እስከ ሰኞ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ። ምኑን እንደሆነ አላውቅም።»

ታናሽየው ደጃፉ ላይ ቆሞ ዓይኑን ያሻል።

«ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ይደረጋል? ዘይት በነካው እጃቸው የግራውን ሸራ ነካክተው ወንድሜን አሳጡኝ» አለ።

«ሁልጊዜ አብራችሁ ነበር የምትወጡት። ያን ቀንስ?»

«ሆዴን አሞኝ ቀረሁ።»

«ደግ ሆድ ነው» አለች መርማሪዋ።

ከሰዓት መኪናዋ በክሬን ወጥታ ጣቢያው ግቢ ገባች። መርማሪዋ ሁሉንም ሰብስባ ከፊት ጎማዎቹ አጠገብ አቆመቻቸው። ልጅቱ ከአባቷ ራቅ ብላ ቆመች።

«መንገዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ካለ የያዘው አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ ቀኙ» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ የታመመው ግራው ነው። ጎማውን ከማስፈታቴ በፊት ግን እነዚህን ነጭ ነጥቦች እዩልኝ። ቀኙ ላይ አንዱ ነጥብ ከብሎኑ አናት፣ ሌላው ከጎማው ብረት ላይ፣ ጎን ለጎን ናቸው። ግራው ላይ ግን ባለ ነጥቡ ብሎን ከወዲያ ማዶ ታስሯል።»

ጋሽ ብሎን ጠጋ ብለው አጎነበሱ። ከአደጋው ወዲህ ወደ መኪናዋ ሲቀርቡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ይህ የኔ እጅ አይደለም! ነጥቡን ከነጥቡ ሳላገናኝ ጎማ አስሬ አላውቅም።»

«እውነቱን ነው» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «በልጅነቴ ነጥቡን የምቀባው እኔ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ከእሳቸው በኋላ ጎማውን የፈታው ሰው ይህን ልማድ አያውቅም። አባትም ልጅም አይደሉም ማለት ነው።»

ጎማው ተፈታ። ሸራው በዘይት ጠግቦ ያብለጨልጫል። መርማሪዋ በጣቷ ነካችና አሸተተችው።

«የሞተር ዘይት። የፍሬን ዘይቱ ከመያዣው አልጎደለም፤ ከፍሬኑ የፈሰሰ የለም። ይህ ሆነ ተብሎ የተቀባ ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «አገሩ ሁሉ ቀኙን ሲል አንተ ጠዋት ግራውን አልክ። ያንንስ ከጋሼ ተምረኸዋል እንበል። ዘይት መኖሩን ግን ማን ነገረህ? ጎማው የተፈታው እኮ አሁን ነው።»

ታናሽየው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ። ትራፊኩ ቀስ ብሎ ከኋላው ቆመ።

«እስከ ሰኞ መናገር የነበረብህ ምንድን ነው?» አለች የሟች ሚስት።

ታናሽየው ዓይኑን ከጎማው ሳያነሣ መለሰ። «ባለፈው ወር… በዚህችው መኪና መንገደኛ ገጭቼ አመለጥኩ። ሰውዬው ሞተ። ወንድሜ ‹እጅህን ስጥ› አለኝ፤ እምቢ አልኩት። ‹ደሙ እኔም ላይ ነው› አለ።»

ይዘውት ሲሄዱ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ጋሽ ብሎን የተፈታው ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ነጻ ነዎት ቢባሉም የሰሙ አይመስሉም። «ደካማው ግራው ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በዚህ አፌ።»

ልጅቱ መጥታ ከፊታቸው ተንበረከከች።

«አባባ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እጃቸውን ወደ ጉልበቷ ሳብ አድርጋ በጥቁር ሻሿ ጫፍ ጣት በጣት ትጠርግላቸው ጀመር። እጃቸው ላይ ግን ምንም ዘይት አልነበረም።