የቡላ አፍንጫ

ቡላን የገደለው ሻርፕ ነው። በቃ፣ ዋናውን ነገርኳችሁ፣ ሆዴ ውስጥ መያዝ አልቻልኩም። ያኔ ግን ሁሉም «ራምዚ መርዞት ነው» ነበር የሚለው።

ቡላ የጋሪ ፈረሳችን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በዛ ሙቀት፣ ከወፍጮ ቤት የተፈጨ በርበሬ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ወደቀ። በቃ ሞተ። አባዬ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ራምዚ ሌላ ጋሪ ነጂ ነው፤ ጠዋት ከአባዬ ጋር በተራ ተጣልተዋል፣ ከዛ ደግሞ ለቡላ ውሃ ሰጥቶታል። ተራ አስከባሪው አብዱልሃፊዝ ወዲያው «መርዞ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይሰራም» አለ። ራምዚ ሌላ ስራ የለውም፣ ልጆች አሉት።

የእንስሳት ሐኪሟ ምሥራቅ ከመስቃን ገጠር ሦስት ቀበሌ ዞራ ነው የደረሰችው። ጫማዋን አውልቃ አቧራውን አራገፈች።

«ውሃውን ለምን ሰጠኸው?»

«አልቦት አሳዘነኝ፣ ዶክተር።»

«ከባልዲው ሌላ ማን ጠጣ?»

«የኔ ፈረስ። ያውልሽ፣ እንደ ሙሽራ እየበላ ነው።»

የቡላን ከንፈር ገለጥ አደረገች። ድዱ ጠቁሯል። ፊቱ በበርበሬ ብናኝ ቀልቷል፣ አፍንጫው ዙሪያ ግን ንጹህ ነው። ከዛ ቡላ ሲወድቅ አባዬ ፈትቶ ኪሱ የከተተውን ጨርቅ ጫፍ አየች።

«ጋሽ ሙስተፋ፣ እሱን ጨርቅ ያሳዩኝ።»

ሮዝ ሻርፕ ነው። እርጥብ። ውጪው የበርበሬ ጭቃ፣ ውስጡ የቡላ ፀጉር።

«ሁላችሁም ቅረቡ፣ ደክሞኛል፣ ሁለቴ አልናገርም» አለች። «መርዝ ቢሆን የራምዚም ፈረስ ይሞት ነበር። ብናኙ አፍንጫውን ያልነካው ተሸፍኖ ስለነበረ ነው።»

«በርበሬው እንዳያስነጥሰው ነዋ» አለ አባዬ። «እኔም የራሴን አፍንጫ አስሬ ነበር፣ ምን ሆንኩ?»

«እርስዎ በአፍዎ ተነፈሱ። ፈረስ በአፉ መተንፈስ አይችልም። ሲደክም ደሙ ሙቀቱን ወደ ቆዳው ያመጣል፣ በላብና በትንፋሽ ያወጣዋል። እርጥቡ ጨርቅ ላይ ብናኝ ሲለጠፍ ትንፋሹ ተዘጋ። ልቡ እየመታ ነበር፣ ግን ደሙ የሚሸከመው አየር አልነበረም። ድዱም የጠቆረው ለዛ ነው።»



«ማነው ያሰረለት?» አለ አብዱልሃፊዝ።

አባዬ አንድ ጊዜ አየኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ራምዚ፣ አፉ በለኝ።»

ራምዚ አቀርቅሮ ጆንያዎቹን ወደ ራሱ ጋሪ መጫን ጀመረ፣ በነጻ። ምሥራቅ ሻርፑን አየች፣ እኔን አየች፣ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

ሻርፑ የኔ ነው። ለአባዬ ምሳ ላደርስ ወፍጮ ቤት ሄጄ፣ ቡላ ሲያስነጥሰው አሳዝኖኝ፣ ውሃ ነክሬ ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

አሁን አባዬ በሰው ጋሪ ጫኝ ሆኖ ነው የሚውለው። «ፈረስ አፋኙ መጣ» ይሉታል፣ እሱ ይስቃል፣ ማታ ሲገባ ግን ሳያወራ ይተኛል። እኔ አሰርኩት ብዬ ተራው ላይ ሄጄ ልናገር ስል «ዋ፣ እንዳትሞክሪያት» አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር?