በሰፊው መዳፍ ውስጥ የነበረው ቁልፍ

ሰፊው የተገኘው እንደተንበረከከ ነው።

አንገቱን ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር አስገብቷል፤ ሜትሩ ከትከሻው አልወረደም፤ ቀኝ እጁ ተጨብጧል። ጥይቱ የገባው በጀርባው ነው፣ ከላይ ወደ ታች። ሽጉጡ የራሱ ነበር። ሌባ ቢመጣ ብሎ ከክር መሳቢያው ውስጥ እንደሚያስቀምጠው የማያውቅ የቅርብ ሰው አልነበረም። የገደለው ሰው ሽጉጡን በቁራጭ ጨርቅ ጠርጎ ወለሉ ላይ ጥሎት ሄዷል።

ደንበኞቹ ሁሉ «ሰፊው» ይበሉት እንጂ ሰውየው እንደ መርፌ የቀጠነ ነበር። በዚህም ከማንም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ራሱ ነው። ጨርቅ እንደሚገለብጥ ቃልም ይገለብጣል፤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ጆሮው ከገባ ሳይቀልድበት አያልፍም።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ መጥታ የስፌት ቤቱን በር ተቆልፎ አገኘችው። የበሩ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ የሰፊው፣ ሌላው የተኳሹ። ተኳሹ ያለቀለትን ልብስ በካውያ የሚተኩሰው ሠራተኛ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ የሚውል፣ የጠየቁትን ብቻ የሚመልስ ጎልማሳ። እሱ መጣና በራሱ ቁልፍ ከፈተ። ሚስትየው ባሏን አይታ ጮኸች። ተኳሹ ግን ምን እንደሚያደርግ ግራ ቢገባው፣ ሄዶ ካውያው ከሶኬቱ መነቀሉን አየ።

ፖሊስ ጣቢያ ወስደው ጠየቁት።

«ትናንት ማታ ምን ስትሠራ አመሸህ?»

«ስተኩስ።»

ጠያቂው ብዕሩን አነሣ። «ሟቹንም?»

«የእሳቸውንም ተኩሻለሁ፣ መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ የሌላውን ሰው ነው የምጨርሰው።»

«ሌላም ሰው አለ?»

«ኧረ ስንቱ። ቀኑን ሙሉ ስተኩስ ነው የምውለው።»

«አይጸጽትህም?»

ተኳሹ አሰበ። ሰው ሲጠይቀው ሳያስብ አይመልስም። «አንዳንዴ አቃጥላለሁ» አለ። «ያን ጊዜ ይጸጽተኛል።»

እዚያው አስፈረሙት።

መርማሪዋ ያን ሰሞን ታማ ተኝታ ነበር። ስትመለስ ፋይሉ ተዘግቶ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዷል። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ምንማለት» ይሏታል፤ «ምን ማለትዎ ነው?» ሳትል የምታሳልፈው ንግግር ስለሌለ። እራት ቀርቧል ሲሏት እንኳ ትጠይቃለች ይባላል። የተኳሹን ቃል አንድ ጊዜ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ተነሥታ እስር ቤት ሄደች።

«ተኮስኩ ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ተኮስኩ ማለቴ ነዋ፣ እትዬ።»

«በምን?»

«በካውያ።»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ሁሉ ሰው ሲፈራረቅበት «በምን?» ያለው አንድም አልነበረም።

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው እኮ። ሥራህ ምንድን ነው አሉኝ፤ ተኳሽ አልኳቸው። ጻፉት።» ከዚያ፣ «መቼ ነው የምወጣው? ያላለቀ ሱሪ አለ» አላት።

ለአለቃዋ ስትነግረው እሱ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«እስር ቤት ሲገቡ ሽጉጡ ሁሉ ካውያ ይሆናል» አለ። «እሺ፣ እንዳልሽው ካውያ ይሁን። ቁልፉንስ ምን ልታደርጊው ነው? ሟቹ ቁልፉን ጨብጦ ነው የሞተው። ከእጁ ያወጣው ፖሊስ አሽጎ አስቀምጦታል። የሟቹ ቁልፍ ውስጥ ከቀረ፣ በሩን ከውጭ ማን ቆለፈው? ሁለተኛውን ቁልፍ የያዘው ሰው ነው። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

መርማሪዋ ተኳሹ ንጹሕ መሆኑን ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ምንም አይፈይድም። ተኳሹ አፉን በከፈተ ቁጥር እውነት ይናገራል፤ እውነት በተናገረ ቁጥር ገመዱ ይጠብቅበታል።

ወደ ሟቹ ሚስት ቤት ሄደች። ሚስትየው ሳሎን ውስጥ፣ ያልተጠቀለለ ጨርቅ በተከመረበት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ጠላት ነበረው?»

«ጠላቱ ቀልዱ ነው። ኑሮው ጠበበኝ ስለው ‹አምጪ ላስፋልሽ› ይለኛል። ልክህን አታውቅም ስለው ሜትሩን አውርዶ ደረቱን ይለካል። እየተናደድኩ እስቅ ነበር።» መሐረቧን አጠፈችው፤ ፈታችው። «አሁን የሚያናድደኝ እንኳ የለም።»

«ተናዶ የማይስቅ ሰውስ ነበር?»

ሚስትየው መስኮቱን አየች። «እናቱን ጠይቂያቸው» አለች።

የሰፊው እናት የሚኖሩት ከታናሽ ልጃቸው ጋር ነው። ታናሽየው ጨርቅ ሻጭ ነው። እጁ ሰፊና ጠንካራ ነው፤ ጣቃውን ዘርግቶ በጥርሱ ነከስ ካደረገ በኋላ ዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ የሚቀድ እጅ። መርማሪዋ ስትገባ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። የለበሰው ቡናማ ኮት ልክክ ብሎበታል።

«ኮቱ ያምራል» አለችው።

«ወንድሜ ነው የሰፋልኝ። ለቀለበቱ ቀን።»

«አግብተሃል?»

እናትየው ናቸው የመለሱላት።

«ሊያገባ ነበር፣ ልጄ። የልጅቷ አባት ሊተዋወቁን መጡ። ኮስታራ ሰው ናቸው። ‹ልጅዎ ምን ይሠራል?› ብለው ሲጠይቁኝ ትልቁ ልጄ ቀደመኝ። ‹ሥራው ቀደዳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀድ ነው የሚውለው› አላቸው። ጨርቅ ይቀድዳል ማለቱ ነው። እሳቸው ግን ውሸታም ነው ያላቸው መሰላቸው። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ። በማግስቱ ቀለበቱ ተመለሰ።»

«ቀልድ ነው። አለፈ» አለ ታናሽየው። ኮቱን ይቆልፋል፣ ይፈታል። ሁለቱ ቁልፎች ደብዛዛ ናቸው፤ ሦስተኛው ያበራል።

«ወንድምህ የሞተ ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ቤት።»

«እኔ ቶሎ ነው የምተኛው» አሉ እናትየው። «ሲገባ አልሰማሁም። ጠዋት ግን አልጋው ላይ ነበር።»

መርማሪዋ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ጣቢያው ምድር ቤት ወዳለው የኤግዚቢት ክፍል ወረደች። ቁልፉን ከሟቹ እጅ ያወጣውን ፖሊስ አስጠርታ እሱ ባለበት ፖስታውን ከፈተች። መዳፏ ላይ ገልብጣ አየችውና ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። ፖሊሱን በዚያው እንዲያሽገው ነግራው ወደ አለቃዋ ወጣች።

ጀምራ ሳትጨርስ አለቃዋ አቋረጣት። «ፋይሉ ከእጃችን ወጥቷል። የምትናገሪው ካለሽ ፍርድ ቤት ተናገሪ።»

ስለዚህ የቀራት የተኳሹ ተከላካይ ጠበቃ ብቻ ነበር።

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ አያቀዘቅዝም። ጸሐፊዋ የተከሳሹን መግለጫ አነበበች። «ሥራ፣ ተኳሽ» ስትል ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱ፤ ሳቁ ቆመ።

ምስክሮች ውጭ እየጠበቁ አንድ በአንድ ገቡ። ሚስትየው መሰከረችና ወንበር ይዛ ተቀመጠች። እናትየውም ስለ ልጃቸው ጥቂት ተናግረው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ተኳሹን ጠየቀው።

«ሟቹ ቁልፋቸውን ጨብጠው ተገኝተዋል። ታዲያ በሩን ከውጭ መቆለፍ የሚችለው ማን ነው?»

«እኔ» አለ ተኳሹ፣ አስቦ። «በሌላ ቁልፍማ አይሆንም።»

ጠበቃው ግንባሩን ያዘ።

በመጨረሻ ታናሽ ወንድሙ ተጠራ። ኮቱን ቆልፎ ገባ። ስለ ወንድሙ ደግነት መሰከረ፤ ተኳሹ ቂመኛ ይሁን አይሁን እንደማያውቅ ተናገረ። ያን ጊዜ ጠበቃው ተነሥቶ፣ ክቡር ፍርድ ቤቱ ምስክሩን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅለት ለመነ። ጥያቄው የመርማሪዋ ነበር። ዳኛው ሰሙት፣ ትከሻቸውን ሰበቁ፣ ጠየቁ።

«ሟቹ በእጁ ጨብጦት ስለተገኘው ቁልፍ የምታውቀው ነገር አለ?»

ታናሽየው ኮቱን በእጁ ያዘ።

«የቀንድ ቁልፍ ያለው ኮት የምለብሰው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ክቡር ዳኛ።»

ሰዉ ተያየ። ዐቃቤ ሕግ እንኳ ፈገግ አለ። «ምስክር ሆይ፣ እኛ የምናወራው ስለ በር ቁልፍ ነው። ከቀንድ የሚሠራ የበር ቁልፍ አለ እንዴ?»

ታናሽየው ዓይኑን ወደ ኮቱ ዝቅ አደረገ።

መርማሪዋ ወደ ምስክር ሣጥኑ ተጠራች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ክቡር ዳኛ፣ ከእጁ ያወጣው ፖሊስ ‹ቁልፍ ጨብጦ አገኘሁት› አለ። አልዋሸም። ከእሱ በኋላ የሰሙት ሁሉ ግን በሩ ተቆልፎ ስለነበር የበር ቁልፍ ነው ብለው አሰቡ። ከእኔ በቀር ፖስታውን ከፍቶ ያየ የለም። ይክፈቱት።»

ዳኛው ማሸጊያውን ቀደዱ። ከፖስታው ውስጥ አንድ ደብዛዛ ቡናማ የኮት ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ ወደቀ። ባለ አራት ቀዳዳ፣ የቀንድ። ከአንዱ ቀዳዳ የተበጠሰ ክር ተንጠልጥሏል።

«እንግዲህ የሰፊው የበር ቁልፍ በእጁ አልነበረም» አለች መርማሪዋ። «የለም ማለት የወሰደው ሰው አለ፤ ቆልፎ የሄደውም ያ ሰው ነው። ተኳሹማ የራሱ አለው፤ የሌላ ቁልፍ መውሰድ አያስፈልገውም። ሰፊውስ ለምን ተንበረከከ? ማንም አላስገደደውም። የወደቀ ቁልፍ ሊፈልግ ነው የተንበረከከው፤ አገኘውም። ጥይቱ ከላይ ወደ ታች የሄደው ለዚህ ነው።»

«ምስክሩ ጨርቅ ሻጭ ነው» አለ ዐቃቤ ሕግ። «ቁልፍ ሲባል የኮት ቁልፍ ቢመጣለት ምን ያስደንቃል?»

«አያስደንቅም። ግን የቀንድ መሆኑን ማን ነገረው? ይህን የምናውቀው እኔና ፖሊሱ ብቻ ነን። አሁን የለበሰውን ኮት ይዩልኝ። ሁለቱ ቁልፎች የቀንድ ናቸው። ሦስተኛው ፕላስቲክ ነው። ክሩም የተሰፋው በሌላ እጅ ነው፤ ሰፊው ትይዩ አድርጎ ነው የሚሰፋው፣ ይህኛው ግን ተመሳቅሏል።»

ከተመልካቾቹ መካከል እናትየው ተነሡ። ልጃቸውን የረዱት መስሏቸው ነበር።

«እሱን እኔ ነኝ የሰፋሁለት፣ ክቡር ዳኛ» አሉ። «መንገድ ላይ ጠፋብኝ ብሎኝ፣ ጠዋት ሰፋሁለት። ያን ዕለት ጠዋት። የወንድሙ መሞት ሳይነገረን በፊት።»

ከተናገሩት በኋላ ገባቸው። ሚስትየው እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ታናሽየው እናቱን አየ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«ልለምነው ነው የሄድኩት። ለሰውየው ቀልድ ነበር ብለህ ንገርልኝ፣ ቃል አቀባዬ ሁን አልኩት። ‹ሰፊ ነገር ነው፣ እኔ ሰፊ ነኝና ይመለከተኛል› አለኝ። መሳቢያውን ከፍቼ ሽጉጡን አወጣሁ። ኮቴ የመሳቢያው እጀታ ላይ ተይዞ ቁልፉ ተበጠሰ። እተኩሳለሁ አልኩት። ‹ካውያው ያውልህ› አለኝ። ሽጉጡን አየው እኮ። አይቶት መርፌ ላይ ቡናማ ክር አስገባ፤ ‹ቆይ፣ ቁልፍህን ላግኝልህ› ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበረከከ።» ድምፁ ወረደ። «አንድ ቀን እንኳ የምሬን ነው ብሎ አምኖኝ አያውቅም። የበሩን ቁልፍ ቱቦ ውስጥ ጣልኩት።»

ቃል የምትመዘግበው ጸሐፊ እንኳ እጇን አሳርፋ ነበር። ዳኛው የቀንዱን ቁልፍ መልሰው ፖስታው ውስጥ ሊያስገቡት ሲሞክሩ ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው።

ተኳሹን እዚያው ፈቱት። መሄድ ትችላለህ ቢሉትም ቆመ። «ወዴት?» አለ። አለቃው ሞቷል፤ ስፌት ቤቱ ተዘግቷል። ጠበቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ተኳሹ ለመርማሪዋ እጅ ነሣ፤ ወደ ሚስትየው ዞሮ ግን አንገቱ አልቀና ብሎት፣ እንደደፋ ወጣ።

መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ሥራዋን ሠርታለች፤ አንድም ስሕተት የለበትም። አለቃዋ ከሩቅ አይቷት ፊቱን አዞረ፤ እሷም አላየችውም። ፖሊሶቹ ታናሽየውን በካቴና አስረው ሲያሳልፉት ኮቱ ተከፍቶ ነበር፤ እጁ ታስሮ መቆለፍ አልቻለም።

እናትየው ከኋላ መጡ። ይጮኹብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኹም። አጠገቧ ሲደርሱ እንደ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ስንቅ የሚቀበሉት ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?»

«ጠዋት ነው፣ እማማ።»

«ብርድ ልብስስ ያስገባሉ?»

«ያስገባሉ።»

«እሱ ይበርደዋል» አሉ። «ትልቁን አይበርደውም ነበር።»

ደረጃውን መውረድ ጀመሩ፤ አንድ እጃቸው መደገፊያውን ይዟል። መርማሪዋ አብራቸው ወረደች። ክንዳቸውን ልያዝ አልያዝ እያለች ስታመነታ ደረጃው አለቀ።